ስለ አፍንጫ ቀዶ ጥገና የሚነገሩ የተሳሳቱ አስተያየቶች

አፍንጫን በቀዶ ጥገና ስለ ማስተካከል የሚነገረው አስተያየት ብዙ ዓይነት ቢመስልም፣ ተጨምቆ ሲታይ ከአንድ ሐሳብ የወጣ ነው። ሐሳቡም አፍንጫ የፊት ጌጥ ነው፤ ጌጥም ከሆነ ሸክላ ሠሪ ጭቃን እንደምታበጅ ሁሉ ሐኪሙም እንደተፈለገው ሊያሳጥረው፣ ሊያቀጥነው፣ ሰልካካ ሊያደርገው ይችላል የሚል ነው። ይህን ሥራ የሚያደንቁትም የሚነቅፉትም በዚህ ሐሳብ አንድ መሆናቸው ያስገርማል። የሚያደንቀው ሰው ፎቶግራፍ ይዞ ሄዶ «ይህን የመሰለ ይሠራልኝ» ብሎ ማዘዝ የሚቻል ይመስለዋል። የሚነቅፈውም «እግዚአብሔር የሰጠውን መልክ የሚለውጥ የቅብጠት ሥራ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለቱም ወገኖች የዘነጉትን ነው፤ ይኸውም አፍንጫ ከሁሉ አስቀድሞ መተንፈሻ መሆኑን፣ ቀዶ ጥገናውም ደም በሚዘዋወርበት ሕያው ሥጋ ላይ የሚደረግ መሆኑን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስሕተቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ፕላስቲክ ኦፕራሲዮን» ሲባል የሚሰማ ብዙ ሰው ባልዲና ጀሪካን የሚሠራበት ፕላስቲክ ተቆርጦ ከቆዳ በታች የሚገባ ይመስለዋል። ቃሉ ግን የግሪክ ነው፤ ትርጓሜውም መቅረጽ፣ ማበጀት ማለት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ፈርዲናንድ ፎን ግሬፈ ስለ አፍንጫ ጥገና የጻፈውን መጽሐፍ «ራይኖፕላስቲክ» ብሎ በ1818 ሲያሳትም፣ ዛሬ ፕላስቲክ የምንለው ዕቃ ገና አልተፈጠረም ነበር። ፍጹም ሰው ሠራሽ ከሆኑት ፕላስቲኮች የመጀመሪያው ባክላይት የተገኘው በ1907 ነው። ዛሬም ቢሆን አፍንጫን ለመደገፍ የሚያገለግለው ነገር በአብዛኛው የሚወሰደው ከታካሚው ከራሱ ገላ ነው፤ ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ፣ ከጆሮው ወይም ከጎድኑ ልም አጥንት ይቆረጣል። በተለይ በሩቅ ምሥራቅ አገሮች ሲሊኮን የሚያስገቡ ሐኪሞች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ባዕድ ነገር አንዳንድ ጊዜ ይመግላል፣ ቆዳውንም በስቶ ይወጣል። እንግዲህ ስሙ ራሱ የሸክላ ሠሪን ሥራ የሚያስታውስ በመሆኑ ሕዝቡን ማሳሳቱ አይደንቅም።

ሁለተኛው ስሕተት፣ ይህ ሥራ የዘመናዊ ኑሮ ቅንጦት የወለደው የፈረንጆች ፈጠራ ነው የሚለው ነው። በሱሽሩታ ስም የሚጠራው ጥንታዊ የሕንድ የሕክምና መጽሐፍ የተቆረጠ አፍንጫ እንዴት እንደሚጠገን ያስተምራል። ሐኪሙ የዛፍ ቅጠል ወስዶ በጎደለው አፍንጫ ልክ ይቆርጣል፤ በዚያም ልክ ከጉንጭ ላይ ቆዳ ይገፍፋል፤ ቆዳውንም በአፍንጫው ሥፍራ ይሰፋዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሰውየው መተንፈስ እንዲችል በሁለቱ ቀዳዳዎች ቀጫጭን ቱቦዎች እንዲገቡ ያዛል። የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ከእኛ ዘመን ወሬኛ ይልቅ የአፍንጫን ጥቅም ያውቅ ነበር።

አፍንጫ ለምን ይቆረጥ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ አጭር ነው፤ ለማዋረድ ነው። በሕንድ አገር ለዝሙትና ለሌላም ጥፋት ቅጣት ነበር። በቢዛንታይን መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ዮስጢንያኖስ በ695 ከዙፋኑ ሲወርድ አፍንጫው ተቆረጠ፤ አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥም የሚል እምነት ስለ ነበረ ነው። እርሱ ግን በ705 ተመልሶ ነገሠ። ፊት የሰው ክብር የሚነበብበት ገጽ በመሆኑ፣ ሰውን ሳይገድሉ ከሰው ተራ ለማውጣት የፈለጉ ሁሉ እጃቸውን የዘረጉት በአፍንጫ ላይ ነበር። የጥገናው ጥበብም የተወለደው ከዚህ ውርደት እንጂ ከመስታወት ፊት ከሚደረግ ቅብጠት አይደለም።

ይህ የሕንድ ጥበብ ወደ አውሮፓ የገባበት መንገድ ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። ካውስጂ የሚባል ለእንግሊዝ ጦር በሬ ይነዳ የነበረ ሰው በ1792 በነበረው ጦርነት በቲፑ ሡልጣን ሰዎች ተማርኮ አፍንጫውና አንድ እጁ ተቆረጠ። ዓመት ያህል አፍንጫ ሳይኖረው ከቆየ በኋላ፣ በፑና አጠገብ ከጡብ ሠሪዎች ወገን የሆነ አንድ ሰው አፍንጫ ሠራለት። ታሪኩም በ1794 በለንደን «ጀንትልማንስ ማጋዚን» በተባለ መጽሔት ላይ ከሥዕል ጋር ታተመ። ያንን ያነበበው የለንደኑ ሐኪም ጆሴፍ ካርፒዩ በሬሳ ላይ ሲለማመድ ከቆየ በኋላ በ1814 በሕያው ሰው ላይ ሠራው፤ በ1816ም ስለ ሥራው መጽሐፍ አሳተመ። የለንደን ሊቃውንት ጡብ ሠሪ ከሚባል ሰው መማራቸውን እናስተውል። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በንቀት ሲጠራ በኖረበት አገር ለምንኖር ተማሪዎች ይህ ተራ ወሬ አይደለም።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው ያ ሰው የሠራበት ብልሃት ነው። በመጀመሪያ የአፍንጫውን ልክ በሰም አበጀ፤ ሰሙን ዘርግቶ በግንባሩ ላይ አኖረና ዙሪያውን አሰመረ፤ ቆዳውንም በመሥመሩ ላይ ቆርጦ ገለበጠው። ነገር ግን ፈጽሞ አልለየውም፤ በሁለቱ ቅንድቦች መካከል አንድ ቀጭን ማያያዣ ተወ። በዚያ በኩል ደም እየመጣ አዲሱን አፍንጫ ይመግበዋል፤ ቆዳው በሥፍራው ከያዘ በኋላ ብቻ ማያያዣው ይቆረጣል። እንግዲህ ዕለት ዕለት ጭቃ የሚያቦኩ ሰዎች ወገን የሆነው ይህ ሰው ቆዳን እንደ ጭቃ አላየውም፤ ጭቃ ደም አያሻውምና። የግንባር ቆዳ ዛሬም በካንሰር ወይም በአደጋ አፍንጫው ለጠፋ ሰው ዋና መሣሪያ ሆኖ ያገለግላል።

በአውሮፓም ከዚህ ቀደም ሲል ሌላ መንገድ ነበር። በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጋስፓሬ ታልያኮትሲ በ1597 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከታካሚው ከራሱ ክንድ ቆዳ አንሥቶ በአፍንጫው ሥፍራ መስፋትን አስተማረ። ቆዳው ከፊቱ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ክንዱ ለሳምንታት ከራሱ ጋር ታስሮ ይቆይ ነበር። ከሌላ ሰው ቆዳ መውሰድ ይቻል እንደሆነም መርምሮ፣ ሁለት ሰዎች ይህን ያህል ጊዜ ተጣብቀው መቆየት አይችሉም፣ የሰውም ሥጋ ለየራሱ ነው ብሎ ነገሩን ተወው። ከሞተ በኋላ ግን ያልሠራው ሥራ በስሙ ተነገረበት። በ1621 ፋን ሄልሞንት የተባለው የፍላንደር ሐኪም አንድ ተረት አወራ፤ አንድ የብራስልስ ሰው በቦሎኛ ከአንድ ተሸካሚ ክንድ አፍንጫ አሠርቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ አፍንጫው በድንገት ቀዝቅዞ በሰበሰ፤ ቢጠየቅ ተሸካሚው በዚያው ጊዜ ሞቶ ተገኘ ይላል። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል በትለርም በ1663 መታተም በጀመረው «ሁዲብራስ» በተባለው ግጥሙ ይህንኑ ለሣቅ አደረገው። ታልያኮትሲም አላደርገውም ባለው ነገር ለብዙ ዘመን ሲሣቅበት ኖረ።

ይኸው ተረት በ1862 ወደ ልብ ወለድ ገባ። የፈረንሳዩ ደራሲ ኤድሞን አቡ «የውል አዋዋዩ አፍንጫ» በሚለው መጽሐፉ፣ ከአንድ ቱርክ ጋር በሰይፍ ተጋጥሞ አፍንጫውን ያጣ የፓሪስ ባለጸጋ ከድኻ ውኃ ተሸካሚ ክንድ አፍንጫ እንዳሠራ ይተርካል። ድኻው ሲሰክር የባለጸጋው አፍንጫ ይቀላል፤ ድኻው ሲከሳ አፍንጫውም ይከሳል። እንደ ሽሙጥ ጽሑፍ ከታየ በእኛ አስተያየት የሚያስመሰግን ሥራ ነው። በፋን ሄልሞንት ተረት ውስጥ ተሸካሚው ስም እንኳ የለውም፤ መሞቱ ብቻ ይነገራል። አቡ ግን ሮማኜ የሚል ስም፣ አነጋገርና ጠባይ ሰጥቶታል፤ ባለጸጋው በገዛ ፊቱ ላይ የድኻውን ኑሮ ተሸክሞ እንዲዞር አድርጎታል። ጥፋቱ የደራሲው አይደለም፤ ልብ ወለድን እንደ ሕክምና መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነው። እውነቱ ከተረቱ የራቀ ነው። ፒተር ሜዳዋር በ1940ዎቹ ዓመታት ባደረገው ምርምር እንደታወቀው፣ የሌላ ሰው ቆዳ ሲለጠፍ የተቀባዩ ገላ ባዕድነቱን ዐውቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያጠፋዋል። ሰጪው ይሙት ወይም ይኑር ለነገሩ ለውጥ የለውም። ሜዳዋርም ስለዚህ ዓይነቱ ሥራ በ1960 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ መልክ ነገር እንለፍ። ጤነኛ አፍንጫን ለመልኩ ብሎ መቁረጥ የተጀመረው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ኤተር ለማደንዘዣ በይፋ የታየው በ1846 ነው፤ ሊስተር ቁስልን ከምርቀዛ የሚጠብቅበትን መንገድ በ1867 አሳወቀ፤ የኮኬይን ማደንዘዣነት በ1884 ታወቀ። ከዚያ በፊት ጤነኛ ሰው ያን ሁሉ ሥቃይና አደጋ የሚቀበልበት ምክንያት አልነበረም። በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ጆን ኦርላንዶ ሮ በ1887 ከውጭ ጠባሳ ሳይተው በአፍንጫው ቀዳዳ በኩል ሠራ። በበርሊን ዣክ ዮሴፍ በ1898 የአንድ ወጣት ትልቅ አፍንጫ አሳነሰ፤ ወጣቱ ሰው ሁሉ እያየው ስለሚሣቅ ከማኅበር መራቅ ጀምሮ ነበር። «ቅብጠት» የሚሉት ሰዎች ይህን ታሪክ ሊያስቡት ይገባል። በሌላ በኩል ግን ጥያቄው በዚህ አያልቅም፤ ያ ወጣት የታመመው በአፍንጫው ነው ወይስ በሚሥቁት ሰዎች? ዮሴፍ ራሱ አይሁዳዊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር የአይሁድ አፍንጫ የጋዜጣ ሥዕል መሣለቂያ ነበር። ቢላዋ የአንዱን ሰው ሐዘን ያስወግድ ይሆናል፤ የመንገዱን ሣቅ ግን አያስወግድም።

ልክ የሚባለውም ነገር ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ለአፍንጫ የተወሰኑ ማዕዘኖች አሉት፤ በአፍንጫውና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው ማዕዘን ለወንድ 90 ዲግሪ ገደማ፣ ለሴት ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ይሁን ይባላል። እነዚህ ልኮች በአብዛኛው የተወሰዱት ከአውሮፓውያን ፊት ነው። ፈረንጆቹን በዚህ ስንወቅስ ግን የራሳችንን ቤት አንርሳ። በእኛም ዘንድ «ሰልካካ» የምስጋና ቃል፣ «ደፍጣጣ» የስድብ ቃል ሆኖ ኖሯል፤ በዚህም ቃል ወገን ከወገን ሲናናቅ መኖሩ የታወቀ ነው። ሰልካካ አፍንጫ ያለው ከደፍጣጣው ይልቅ አየር አይስብም፤ በበረሓም በደጋም ሰው በሁለቱም ሲተነፍስ ኖሯል። በብዙ ቤትም አራስ ሕፃን በቅቤ ሲታሽ አፍንጫው በጣት እየተሳበ «ይቃናል» ይባላል። ይህም ከንቱ ድካም ነው፤ የሕፃን ልም አጥንት ለጊዜው ቢታዘዝም፣ አፍንጫ እስከ ጉርምስና መጨረሻ ድረስ በተፈጥሮው መንገድ ያድጋል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ለተወለደ ሕፃን ሐኪሞች ለወራት የሚያስሩት መሣሪያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያ ከቀዶ ጥገና በፊት የሚደረግ ዝግጅት ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የተተረፈ ሥጋን ማንሣት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ነው። የአፍንጫ የላይኛው ሲሶ ያህል አጥንት ሲሆን፣ የቀረው በልም አጥንት የቆመ ነው። በቤት ብንመስለው ልም አጥንቱ ምሰሶና ማገር ነው፤ ቆዳውም ጣራው ነው። አየር በጠባብ በር በኩል ገብቶ ይሞቃል፣ ይርሳል፣ ከአቧራም ይጣራል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ብዙ ሐኪሞች አፍንጫን የሚያሳንሱት አጥንቱንና ልም አጥንቱን አብዝተው በመቁረጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ያማረ የሚመስለው አፍንጫ ከብዙ ዓመት በኋላ ማገሩ እንደተነቀለ ጣራ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጫፉ እንደ ተቆነጠጠ ይቀራል፤ ሰውየውም በአፍንጫው መተንፈስ ይቸግረዋል። ይህንን በማየታቸው የዛሬዎቹ ሐኪሞች በተቻለ መጠን ያለውን መጠበቅን፣ የደከመውንም መደገፍን ይመርጣሉ። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም አስቀድሞ «በየትኛው ቀዳዳ ትተነፍሳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ፎቶግራፉን ብቻ አይቶ ዋጋ የሚናገረውን ግን መሸሽ ነው።

ፋሻው ሲፈታ አዲሱ አፍንጫ ይታያል የሚለውም እንዲሁ ነው። እብጠቱ የሚጎድለው ቀስ በቀስ ነው፤ የመጨረሻው መልክ የሚታየው ከዓመት በኋላ፣ ቆዳው ወፍራም ለሆነ ሰውም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ቆዳ ወፍራም ከሆነ በታቹ የተሠራው ጥቃቅን ቅርጽ አይታይም፤ ይህን ማንም ሐኪም በእጁ አይለውጠውም። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከመቶ ታካሚዎች ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ያህሉ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል፤ ሁለተኛውም በጠባሳ መካከል የሚደረግ ስለሆነ ከመጀመሪያው ይከብዳል። አካሉ ገና ያልበሰለ ልጅም ሊቆይ ይገባዋል።

በቅርብ ጊዜ ደግሞ «ያለ ቢላዋ» የሚል አዲስ ማባበያ መጥቷል፤ በመርፌ ፈሳሽ ነገር በአፍንጫ ላይ መውጋት ነው። ቢላዋ ስለሌለበት አደጋ የለበትም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። የአፍንጫ የደም ሥሮች ከዓይን የደም ሥሮች ጋር የተያያዙ ናቸው። መርፌው የደም ሥር ውስጥ ከገባ የተወጋው ነገር መንገዱን ይዘጋል፤ ቆዳው ሊሞት፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊጠፋ ይችላል። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የሚለው ተረታችን ሌላ ቁም ነገር ለመናገር የወጣ ቢሆንም፣ በዚህ ሥፍራ ቃል በቃል እውነት ሆኖ ተገኝቷል።

እስካሁን የተናገርነው ገንዘብ ኖሮት ሐኪም ስለሚያማርጥ ሰው ነው። «የአፍንጫ ኦፕራሲዮን ቅብጠት ነው» የሚለው ፍርድ ግን ይበልጥ የሚጎዳው ሌላ ወገን ነው። በአገራችን ደጋ ቁንጭር የሚባለው በሽታ አለ፤ አሸዋ ዝንብ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታስተላልፈው ነው፤ ብዙ ጊዜ ፊትን ይመርጣል፤ በአንዳንዱም ሰው አፍንጫንና ከንፈርን ያበላሻል። የሥጋ ደዌ ደግሞ የአፍንጫን የውስጥ ልባስና ድጋፍ በልቶ ጀርባውን እንደ ኮርቻ ያሠምጠዋል። ሰውየው ከበሽታው ከዳነ በኋላ እንኳ ይህ ምልክት በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለ እርሱ ይመሰክርበታል። በአዲስ አበባ አለርት በ1965 ሲቋቋም፣ በሥጋ ደዌ የተጎዳን አካል ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ከዓላማዎቹ አንዱ ነበር።

በዚህም ረገድ ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ሐኪም ያየውን መጥቀስ ይጠቅማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1917 በእንግሊዝ አገር በሲድካፕ በተከፈተው ሆስፒታል ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን ያከመ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በቂጥኝ የሠመጠ አፍንጫ ሲመረምር፣ የጎደለው የውጭው ቆዳ ሳይሆን የተኮማተረው የውስጥ ልባስ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ ከውጭ ሥጋ መደረቡን ትቶ ከውስጥ አዲስ ልባስ አገባ፤ አፍንጫውም ተነሣ። የሥጋ ደዌ ሐኪሞችም በኋላ በዚሁ ብልሃት ተጠቅመዋል። ከውጭ ብቻ ለሚያይ ሰው ግን ያ አፍንጫ ቆዳ ያነሰው ይመስለው ነበር።

ኖማ የሚባለው በሽታ ከዚህም የከፋ ነው። በምግብ እጦት የተጎዱትን ትንንሽ ልጆች፣ ብዙ ጊዜ ከኩፍኝ ወይም ከሌላ በሽታ በኋላ ይይዛል፤ ከድድ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርንና አፍንጫን ይበላል። ሕክምና ካላገኙት አብዛኞቹ ይሞታሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያገባው በ2023 መጨረሻ ነው። በሽታው በኢትዮጵያም አለ፤ የተረፉትም ልጆች በጨርቅ ፊታቸውን ሸፍነው ያድጋሉ። ለእነዚህ ልጆች የሚደረገው ቀዶ ጥገና በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ቆዳ ከግንባር ወይም ከሌላ ሥፍራ ይመጣል፤ ደም የሚያመጣው ማያያዣ ለሳምንታት ይጠበቃል፤ ከዚያም ይቆረጣል። ብዙ ጊዜም ስለ አፍንጫው ከማሰብ በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፤ ጠባሳው የቆለፈውን መንጋጋ መክፈት ነው፤ ልጁ አፉን ከፍቶ እንዲበላ።